ሬሳ ሳይዙ የማይገባበት ጫካ

አኪ ኡንጋት፣ በእኛ ቋንቋ አያት ኡንጋት፣ የመሬት ክርክራችንን ከያዘችው ጠበቃ ከሴንዲ ጋር ላለመገናኘት ሦስት ዓመት ሙሉ የዓሣ ወጥመዳቸውን ሰበብ አድርገው ኖረዋል። ልጅቷ ከከተማ ልትመጣ ነው ከተባለ ሽማግሌው ጎህ ሳይቀድ ጀልባቸውን ፈትተው ሽቅብ ይቀዝፋሉ፤ ሄደች ሲባል ደግሞ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። እንደ አኪ ኡንጋት ብዙ አጥምዶ ጥቂት የያዘ ሰው በሳራዋክ ምድር አልታየም እያልን፣ ሁላችንም በአንድ ጣሪያ ሥር በምንኖርበት በረጅሙ ቤት በረንዳ ላይ እንሳሳቅ ነበር። አሁን ሳስበው ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

የዚያን ቀን ግን ዝናብ ሳይወዱ በግድ አገናኛቸው። እኔ በሴሉዋይ ወንዝ ትምህርት ቤት ልጆች ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ሴንዲም ተማሪዬ ነበረች። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ልቀበላት ወርጄ ሳለ ሰማዩ ተቀደደ፤ እሷ ከጀልባ እንደ ወረደች እየሮጥን እዚያ ካለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ገባን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እኛን ሳያይ ዘሎ ገባ። አኪ ኡንጋት ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ መልሷቸው ነው። ሴንዲን ሲያዩ ወደ ዝናቡ ዘወር ብለው ተመለከቱ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚያመዛዝኑ ይመስሉ ነበር።

«ይቀመጡ አኪ» አለች ሴንዲ ከመቀመጫዋ ተነስታ። «ዓሣውስ እንዴት ነው?»

«ዓሣማ አንቺ መጣሽ ሲባል ሸሸ።»

«ታዲያ ዓሣው ከእርስዎ ተምሮ ነዋ!»

ሽማግሌው ላለመሳቅ ጢማቸውን ጠረጉና ተቀመጡ። የአኪ ኡንጋት ታናሽ ወንድም የሴንዲ አያት ስለሆነ፣ በእኛ ወግ እሷም የልጅ ልጃቸው ናት፤ የልጅ ልጅ ደግሞ አያቷ ላይ እንድትቀልድ ይፈቀድላታል። ቀጥላ የተናገረችው ግን ቀልድ አልነበረም።

«አኪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዳኛው ራሳቸው መሬታችንን በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ። እርሻዎቹን አባቴ ያሳያል። የድሮው ቤታችን የነበረበትን ቦታና አያቶቻችን የተከሏቸውን የዱሪያን ፍሬ ዛፎች መምህር ያሳያሉ። የመቃብሩን ጫካ ግን ከእርስዎ በቀር ሊያሳይ የሚችል ሰው የለም።»

«መቃብር አይጎበኝም» አሉ ሽማግሌው። «ሬሳ ሳትይዢ ወደዚያ ከገባሽ፣ ይዘሽ የምትመጪው ሬሳ የራስሽ ነው። ይህን አያትሽ አልነገረሽም?»

ሕጋችን ይኸው ነው። በመቃብሩ ጫካ እንጨት አይለቀምም፣ አውሬ አይታደንም፤ ቀስት ያቆሰለው ከርከሮ እንኳ እዚያ ከገባ ይተዋል። ሙታንን የሚያጅቡ ብቻ ይገባሉ፤ ቀብረው ሲወጡም ወደ ኋላ አይመለከቱም። እኛ አብዛኞቻችን ከተጠመቅን ወዲህ የምንቀብረው ከወንዙ ዝቅ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው። በአሮጌው እምነት የቀሩት አኪ ኡንጋትና ሚስታቸው ኢንጃ ብቻ ነበሩ። ወደዚያ ጫካ መጨረሻ የገባችው ሬሳ ኢንጃ ነበረች፤ ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ከጎኗ ለራሳቸው የሚሆን ቦታ አስቀርተዋል። ከዚያች ቦታ ሌላ በዚህ ዓለም የሚመኙት ነገር እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ደግሞስ» አሉ አኪ ኡንጋት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሳማዬን የሰረቀኝ ሰው ደጅ ሄጄ ‹ጌታዬ፣ ይህ አሳማ የእኔ መሆኑን ይፍቀዱልኝ› ልበል? መሬቱን ዘይት የሚጨመቅ ዘምባባ ለሚተክለው ኩባንያ በወረቀት የሰጡት የከተማ ሰዎች ናቸው። ዳኛውም የከተማ ሰው ነው።»

«ዳኛው አሳማውን አልሰረቁም አኪ። ፍርድ ቤትም መሬት አይሰጥም፤ የነበረውን ነበረ ይላል እንጂ። እንግሊዞች ይዘውት የመጡት ሕግ አንድ መልካም ነገር አለው፤ አዲስ ገዥ መጥቶ ባንዲራ ስለተከለ፣ ቀድሞ በምድሩ ላይ የነበረው ሰው መብት አይጠፋም ይላል። ገዥ ይለወጣል፤ ባለርስት ግን አይለወጥም።»

«እንዲህ ያለ መልካም ሕግ ይዘው መጥተው ለምን ደበቁን?»

«አልደበቁም። ጮክ ብለው ግን አልተናገሩትም።»

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሴንዲም ሳቃቸው ሳይበርድ ቀጠለች፤ በአውስትራሊያ፣ በካናዳ፣ እዚሁ በራሳችን አገርም እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በእንደዚህ ያሉ ፍርድ ቤቶች ቆመው የአባቶቻቸውን ድንበር በዛፍና በምንጭ፣ በአፈ ታሪክና በመቃብር ማስረዳታቸውን፣ የሰሟቸው ዳኞችም መኖራቸውን ነገረቻቸው። «ወረቀት የላችሁም ተብለን ነበር። ለካስ ሰውም ወረቀት ይሆናል» አለች።

«ከወንዙ በታች ያለው ረጅም ቤት ሰዎችስ? እነሱም ተከራክረዋል። እርሻችሁ የእናንተ ነው፣ የምታድኑበት ጫካ ግን አይደለም ብሎ ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው። ግማሽ ሰው አድርጎ ላካቸው እኮ!»

 እኔ የማስተባበል አሳቤን ተውኩት፤ ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነበር።

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሴንዲ። «የታረሰ መሬት በፍርድ ቤት ዓይን ይታያል፤ ያልተነካ ጫካ ግን ባዶ ይመስላቸዋል። መቃብሩን ያሳዩን የምልዎትም ስለዚህ ነው። ጫካው ባዶ አለመሆኑን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።»

«አለመንካታችን ጥፋት ሆነብን በይኛ!»

«ጥፋትስ አይደለም። ነገር ግን ለማያውቅ ሰው፣ ማክበርና መተው አንድ ይመስሉታል።»

«ይምሰለዋ! ጫካው ራሱን ይጠብቃል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከጀልባዬ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እዚያ ማን ይደፍራል? አንቺ ትምህርት ተምረሻል፣ ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ከአንቺ በፊት ሙታንን አውቃለሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል፤ ተይኝ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት፤ ዝናቡም ትዕግሥቴን ጨርሶት ነበር። «አኪ፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር የሚባለውስ? ዛሬ ዝም ካልን ነገ ማን ይሰማናል?» አልኳቸው። እሳቸው ግን «አንተ መምህር፣ ጡረታ ወጥተሃል፤ ከእኔም ላይ ጡረታ ውጣልኝ» ብለው አፌን አስያዙኝ። ተማሪዬ ፊት መዋረዴ ከንክኖኛል።

ሴንዲ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አቀረበች። «አባትዎ ስለዚያ ኮረብታ ከላይኞቹ ቤት ሰዎች ጋር የተካሰሱ ጊዜ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይዳኙ የነበሩትን ሽማግሌዎች ወዴት ወሰዷቸው?»

አኪ ኡንጋት የባርኔጣቸውን ውሃ ማራገፍ ያዙ፤ መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። በመጀመሪያ ወንዙ ዳር አሳማ አረዱ፤ ሙታኑን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ ሬሳ ሳይዙ፣ ባዕድ ሰዎች አስከትለው ገቡ። በአያታቸውና በቅድመ አያታቸው መቃብር ላይ የተቀመጡትን እንስራዎች እያሳዩ ‹እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው› አሉ። ፈረዱላቸውም። ማንም አልሞተም።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! እኔ ልጅ ሳለሁ፣ መረብዎን እየጠገኑ። ወጋችን በር አለው አኪ። በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት እንጂ ሙታን አይደሉም።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኔ የምፈራው ሞት አይደለም፤ ሞትማ ከእኔ ጋር ቀጠሮ አለው። ዳኛውን እዚያ ይዤው ሄጄ ‹አይደለም፣ የእናንተ አይደለም› ቢልስ? ኢንጃ ተኝታ በጆሮዋ ትስማው? በሕይወቷ ሙሉ ከቤቷ ያላስወጣኋትን ሴት፣ ከሞተች በኋላ ‹ውጪ› ስትባል እኔው ምስክር ልሁን?»

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ሴንዲ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

«ዝም ብንልም ሙታኑ ይሰሙታል አኪ። ያን ጊዜ የሚሰሙት ግን ከዳኛ አፍ ሳይሆን ከዶዘር ነው።»

 ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጭነው ተነሱና፣ «አሳማውን የምትገዢው አንቺ ነሽ፤ ወፍራም ይሁን፤ ኢንጃ ከሲታ አሳማ አትወድም» ብለው ወጡ። እኔና ሴንዲ ተቃቀፍን። ደስታችንን ሳስታውሰው አሁንም ያሳፍረኛል።

ዳኛው በቀጠሮው ቀን መጡ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ የጎማ ቡትስ ያደረጉ ሰው ናቸው። የኩባንያው ጠበቃም ጥቁር ጥላውን ዘርግቶ አብሯቸው ነበር። እርሻዎቹንና ዱሪያኖቹን አየን። ስለ እያንዳንዱ ዛፍ የተከለውን ሰው ስም ስነግራቸው ዳኛው እየደጋገሙ ይጠይቁኝና ይጽፉ ነበር፤ እኔም ነገሩ ሁሉ እንደ ተሳካ ቆጥሬ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ በጀልባ ተሻግረን ከመቃብሩ ጫካ ሥር ወረድን። አሳማው ታረደ። አኪ ኡንጋት ሩዝና ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ መሬት ላይ አኑረው ወደ ዛፎቹ ተናገሩ።

«እናንተ እዚያ ያላችሁ! እኔ ኡንጋት ነኝ። ሬሳ አልያዝኩም፤ እንግዶች ይዣለሁ። ይህ ሰው ዳኛ ነው። ቤታችሁን አይቶ ‹የእነሱ ነው› እንዲል ነው ያመጣሁት። አትቆጡ። ኢንጃ፣ አንቺም አትቆጪ፤ ቶሎ እንወጣለን።»

ከዚያ ቀድመው ገቡ። ዛፎቹ ሰማይ የነኩ፣ ሥራቸው የሰው ቁመት የሚያህል ነበር። የኩባንያው ጠበቃ እንኳ ጥላውን አጠፈ። ጥቂት እንደተራመድን ከፊታችን ብርሃን አየሁ። በዚያ ጫካ ውስጥ ብርሃን መኖር አልነበረበትም። አኪ ኡንጋት እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ የመጨረሻውን ሐረግ በእጃቸው ገፋ አደረጉና ቆሙ።

ጫካ አልነበረም። ከቆሙበት እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ፣ በገመድ ተለክቶ የተተከለ የዘይት ዘምባባ ነበር። ኩባንያው ከኮረብታው ጀርባ አዲስ መንገድ ቀዶ ገብቶ፣ ከላይ ወደ ታች እየጠረገ መጥቶ፣ ከወንዙ ዳር ሲደርስ አቁሟል። በወንዝ ዳር ያለ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ነው ያቆመው፤ እዚህ ላይ እንኳ ሕግ አክባሪ ነበር። ያ በየማለዳው ከጀልባ ላይ የምናየው፣ እንደ ግድግዳ የቆመው ጫካ፣ እውነትም ግድግዳ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከመካከላችን አንድም ሰው ሬሳ ሳይዝ ወደዚያ ስለማይገባ፣ አንድም ሰው አላየም።

አኪ ኡንጋት አላለቀሱም። በዘምባባዎቹ መካከል ጎንበስ ብለው ሄዱ፤ ከአንዱ ሥር ቡናማ የእንስራ ስባሪ አነሱ፤ የዘንዶ ጅራት ተስሎበታል። ጭቃውን በሸሚዛቸው ጠረጉት። ሴንዲ ተከትላቸው «የእሷ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም። ይህ የእናቴ ነው» አሉ። የኢንጃን ብዙ ፈለጉ፤ አላገኙም።

የኩባንያው ጠበቃ ሥራው ነውና፣ በትሕትና ቀረብ ብሎ ጠየቃቸው። «አባቴ፣ እዚህ መጨረሻ የመጡት መቼ ነበር?»

«ሚስቴን የቀበርኩ ጊዜ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«አልመጣሁም።»

«እንግዲያውስ ቦታውን ትተውት ነበር ማለት ነው።»

ሽማግሌው ስባሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ እናትህ አለች?»

«አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማታ ስትተኛ በሯን ትዘጋላታለህ?»

ጠበቃው ግራ ገብቶት «አዎ» አለ።

«በሯን ስትዘጋ ትተሃት መሄድህ ነው?»

 ዳኛው ጥያቄውንም መልሱንም ጻፉ።

ወደ ጀልባው ስንመለስ አኪ ኡንጋት አንዱን ዘምባባ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «ሴንዲ፣ የእነዚህ ዕድሜ ስንት ነው?» አሉ።

ሴንዲ ታውቃለች። የትኛው ኮረብታ መቼ እንደተተከለ የሚናገረውን የኩባንያውን ወረቀት ሁሉ አንብባለች፤ ከወረቀቶቹ አንዱም ግን ይህ ኮረብታ መቃብር መሆኑን አይናገርም። ይህን መናገር የሚችሉት ሰው ደግሞ ከእሷ ሸሽተው ወንዝ ላይ ነበሩ። «አላውቅም አኪ» አለች።

«እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ተክል ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሦስት ግን አልሞላቸውም።»

ሴንዲ መጀመሪያ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ የእሳቸውን ቃል በመሐላ ይዛ ብትሄድ ኖሮ፣ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ አንድ ዛፍ እንዳይነካ እግድ ሊሰጥ ይችል ነበር። ይህን ማንም አልተናገረም። ሽማግሌው ግን ሞኝ አይደሉም፤ ስሌቱን እዚያው ጨርሰውታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን አባባል ስንት ጊዜ ለልጆች አስተምሬአለሁ፤ የእኛው ታሪክ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በዓመቱ ፍርዱ መጣ። እርሻዎቹ፣ የዱሪያኖቹ ቦታና የመቃብሩ ኮረብታ ማንም ባንዲራ ሳይተክል በፊት የእኛ እንደነበሩ፣ አሁንም የእኛ እንደሆኑ ተወሰነ፤ ኩባንያውም ከኮረብታው እንዲወጣ ታዘዘ። ከዚያ በላይ ያለው የአደን ጫካ ግን አልተፈቀደልንም። ዳኛው ስለ መቃብሩ የወሰኑት በአኪ ኡንጋት ቃል ላይ ተመሥርተው መሆኑን በፍርዱ ገልጸዋል። ሴንዲ በረንዳው ላይ ቆማ ስታነብልን ወጣቶቹ ነጋሪታቸውን መቱ፤ ሴቶቹ መጠጥ አዞሩ።

አኪ ኡንጋት እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ «ኢንጃ የት እንደሆነች ግን አልጻፈም?» ብለው ጠየቁ።

«አልጻፉም አኪ» አለች ሴንዲ። 

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን የተለወጠው በብዙ መንገድ ነው፤ ለውጡን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። ዛሬ ቀያሽ ሲመጣ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ አስፈቅዶ ይሄዳል። ድንበራችን በመንግሥት ካርታ ላይ ተሰምሯል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ ወረቀቱ አሁን የእኛን ይዟል። ለሥራ ወደ ከተማ የሄዱ ልጆቻችን የሚመለሱበት መሬት ስላላቸው አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ ያመጡት ግን ራሳቸው አኪ ኡንጋት ናቸው። በየዓመቱ ከመኸር በኋላ አሳማ ታርዶ፣ የተጠመቀውም ያልተጠመቀውም፣ ልጅ አዋቂው ወደ ኮረብታው እንዲገባ፣ ድንበሩን እንዲዞርና የሙታኑን ስም ጮክ ብሎ እንዲጠራ ደነገጉ። ይህ የአባቶች ወግ አይደለም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። «ወጋችን በር አለው» አሉና ዝም አሰኟቸው። እኛም እንዞራለን። የምንዞረው የተቆረጠ ዘምባባ ጉቶና አረም ነው፤ ልጆቹ «የት ነው?» ሲሉን «እዚህ ገደማ» እንላቸዋለን።

ለራሳቸውም አንድ ቦታ መርጠዋል፤ ከሚያስታውሱት የዓለት ጠርዝ አጠገብ ነው። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ «ተሳስቼ ከሆነ እሷ ትፈልገኛለች፤ ድሮም መንገድ የምታውቀው እሷ ናት» አሉኝ።

ባለፈው በዓል በወንዙ ላይኛው በኩል ወዳለው ቤት ተጋብዘን ሄድን። የዚያ ቤት ሽማግሌ ማንጎይ ይባላሉ፤ የአኪ ኡንጋት እኩያና የድሮ የአውራ ዶሮ ግጥሚያ ባላጋራ ናቸው። ሴንዲ ስለ መሬታቸው ጉዳይ ልታነጋግራቸው ብትሞክር፣ ጽዋቸውን እያወዛወዙ ሳቁባት።

«እኛ ፍርድ ቤት ምን ይሠራልናል የኔ ልጅ? የእኛን መቃብር የነካው የለም። ሬሳ ሳይዝ የሚገባ የለም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከጀልባዬ ላይ አይቼዋለሁ፤ እንደ ግድግዳ ቆሟል።»

አኪ ኡንጋት ጽዋቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ማንጎይ፣ ነገ ጠዋት ግባ።»

«ሬሳ ሳልይዝ?»

«አሳማ ይዘህ ግባ። የእኔም ከወንዙ ላይ ሲታይ ቆሞ ነበር።»